ፌስታሉን ይዘሽ ሂጂ

ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰምተሻል። አንቺ በሽታሽን አልደበቅሽም። የጡትሽን እብጠት በእጅሽ እንደ ዳሰስሽ ሳትውይ ሳታድሪ ተመረመርሽ፤ ናሙና ሰጠሽ፤ ኬሞውንም ጀመርሽ። ብዙ ሰው ወራት የሚያባክንበትን መንገድ ፈጥነሽ ሄደሻል፤ ምርቃቴ ይድረስሽ። ዛሬ ላነጋግርሽ የፈለግሁት ስለ ሌላ መደበቅ ነው። ከራስጌሽ ባለው መሳቢያ ውስጥ ምን እንዳለ እናትሽ ታውቃለች፣ ባልሽ ያውቃል፣ ጎረቤት ያውቃል። በደም ሥርሽ መድኃኒት የሚሰጥሽ ሐኪም ብቻ አያውቅም።

መሳቢያውን ራስሽ ከፍተሽ ስላሳየሽኝ ያየሁትን ልናገር። እህትሽ ከሜሪላንድ የላከችው ቫይታሚን ሲ እና ቫይታሚን ኢ አለ። ለፀጉር ተብሎ የመጣ ባዮቲን አለ። ከቁንዶ በርበሬ ጋር የተቀመመ የእርድ እንክብል አለ። በለስላሳ ጠርሙስ የተቀዳ የጥቁር አዝሙድ ዘይት አለ። ከሁሉ በታች ስም ያልተጻፈበት፣ በላስቲክ የተቋጠረ አረንጓዴ ዱቄት አለ፤ ከየት መጣ ብል "አንዲት ሴት ጠጥታው ድናለች" ከሚል በቀር መልስ አላገኘሁም። ይህን ሁሉ ያመጣው ፍቅር ነው፤ ማንንም ለመውቀስ አልተነሣሁም። ግን ዕድሜዬን የጨረስኩት በመድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ ነው። ከዚያ መስኮት የታዘብኩት ይህን ነው፦ ሰው ገንዘቡን ስለከፈለበት መድኃኒት አሥር ጊዜ ይጠይቃል፤ በስጦታ የመጣለትን ግን ሳይጠይቅ ይውጣል።

እናትሽ "ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል" ብላ ተከራከረችኝ። ተረቱ ልክ ነው፤ ሁለቱ ባላዎች ሳይነካኩ ለየብቻ ከቆሙ። እዚህ ግን አንዱን ሲተክሉ ሌላው የሚነቀልበት ጊዜ አለ፤ የሚነቀለውም ዋናው ሊሆን ይችላል።

እንዴት እንደሆነ ላስረዳሽ። ጉበትሽን እንደ ወፍጮ ቤት ቁጠሪው። የምትውጪውም ሆነ በደም ሥር የሚሰጥሽ መድኃኒት አብዛኛው እዚያ ገብቶ ይፈጫል። ሐኪምሽ ቁመትሽንና ክብደትሽን ለክቶ መጠኑን ሲያሰላ፣ ወፍጮው በለመደው ፍጥነት ይሄዳል ብሎ ነው። አንዳንዱ ዕፅ ወፍጮውን ያፈጥነዋል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ ሥራውን ሳይጨርስ ደቅቆ ይወጣል። አንዳንዱ ደግሞ ያዘገየዋል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይጠራቀምና መቅኒን፣ አፍን፣ አንጀትን ይጎዳል። ግሬፕፍሩት የሚባለው ፍሬ ጭማቂ እንኳ አንዳንድ መድኃኒቶችን በዚህ መንገድ ያስጠራቅማል፤ ፍሬ ነውና ማን ይጠረጥረዋል?

በኔዘርላንድ፣ ሮተርዳም ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሴንት ጆንስ ወርት የሚባለውን፣ ለድብርት ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠውን ዕፅ መርምረው ውጤቱን በ2002 አሳትመዋል። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ። ኢሪኖቴካን የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ያንን ዕፅ ሲጨምሩበት፣ ካንሰሩን የሚመታው የመድኃኒቱ ክፍል በደማቸው ውስጥ በ42 በመቶ ቀነሰ። ልብ በይ፦ እንዲህ ያለው መቀነስ አያምም፣ አያሳክክም፣ አያስመልስም። እንዲያውም ማቅለሽለሹ ቢቀል "ዕፁ ተስማማኝ" የሚያሰኝ ነው። ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር የሚሰጠው ኢማቲኒብም በዚሁ ዕፅ ምክንያት በደም ውስጥ እንደሚቀንስ ተረጋግጧል።

አንቺን በቀጥታ የሚነካው ግን የእርዱ እንክብል ነው። ከኬሞው በኋላ ለዓመታት ታሞክሲፈን ትውጫለሽ ተብለሻል። ታሞክሲፈን እንደተዋጠ አይሠራም፤ ጉበት ለውጦት ኤንዶክሲፈን ሲሆን ነው ጉልበት የሚያገኘው። በዚያው በሮተርዳም በ2019 የታተመ ጥናት፣ ታሞክሲፈን የሚወስዱ ሴቶች የእርድ እንክብል ሲጨመርላቸው የኤንዶክሲፈን መጠናቸው መቀነሱን አሳየ። ከእርዱ ጋር የቁንዶ በርበሬ ንጥር ሲቀላቀልበት ደግሞ ይበልጥ ቀነሰ። እንክብሉን የሚሠሩት ሰዎች ቁንዶ በርበሬውን የሚጨምሩት እርዱ ወደ ደም በብዛት እንዲገባ ብለው ነው፤ በብልቃጡ ላይም እንደ ትልቅ ሙያ ጽፈውታል። ለጤነኛ ሰው ሙያ የሆነው ላንቺ ዕዳ ነው።

ይህን ስል እናትሽ "ታዲያ አልጫዬን ያለ እርድ ልሠራ ነው?" ብላ ደነገጠች። የለም! እርድ በአልጫ፣ ነጭ ሽንኩርት በወጥ፣ ጥቁር አዝሙድ በዳቦ፣ ጤና አዳም በቡና ሲኒ ጫፍ፤ ይህ ምግብ ነው። አያቶቻችን በጣት ቆንጥረው የሚጨምሩት መጠን ሌላ ነው፤ ተጨምቆና ተነጥሮ በእንክብል የሚታሸገው መጠን ሌላ ነው። ማርም ሲበዛ ይመራል። ማቅለሽለሽሽን የሚያስታግስልሽ ከሆነ የዝንጅብል ሻይሽን ጠጪ። ነጭ ሽንኩርት ከወጥ ወጥቶ እንክብል ሲሆን ግን ደም ቶሎ እንዳይረጋ ሊያደርግ ይችላል፤ ቫይታሚን ኢ በብዛት ሲወሰድም እንደዚሁ። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው ሲቃረብ ቀዶ ሐኪሙም ማደንዘዣ የሚሰጠውም ሰው ስለ እንክብሎቹ ማወቅ አለባቸው፤ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት በፊት እንዲቆሙ ያዝዛሉ።

አሁን ወደ እህትሽ ቫይታሚኖች እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ምክንያቱም ሰው ቅጠልን ቢጠረጥር እንኳ ቫይታሚንን አይጠረጥርም። "ቢበዛ በሽንት ይወጣል እንጂ ምን ያደርጋል" ይላል።

በ1947 በቦስተን ሲድኒ ፋርበር የሚባል ሐኪም የደም ካንሰር ያለባቸውን ሕፃናት ያክም ነበር። ማከም ከተባለ ነው እንጂ፣ ያን ጊዜ ለዚያ በሽታ የሚሰጥ ነገር አልነበረም፤ ልጆቹ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያልቁ ነበር። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን ገና አዲስ ነበርና፣ አንዳንዱን የደም ማነስ የሚያሽረው ነገር የታመመውን ደምም ያቃናው ይሆናል በሚል ተስፋ ከዚሁ ወገን የሆነ ነገር ተሰጣቸው። ሐሳቡ የማንም አስተዋይ ሰው ሐሳብ ነው፤ የደከመውን አብሉት እንደ ማለት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ በሽታው የፈጠነ መሰለ። ፋርበር ያየውን አይቶ አላለፈም። ቫይታሚኑ ካንሰሩን የሚቀልብ ከሆነ ቫይታሚኑን የሚከለክል ነገር ካንሰሩን ያስርበዋል ብሎ አሰበና፣ የፎሊክ አሲድን ሥራ የሚያግድ አሚኖፕቴሪን የሚባል መድኃኒት ሰጣቸው። በ1948 ባሳተመው ጽሑፍ አንዳንዶቹ ልጆች ለጊዜውም ቢሆን እንዳገገሙ ለዓለም አሳወቀ። ዛሬ በየአገሩ የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት የዚያ መድኃኒት የቅርብ ዘመድ ነው። እንግዲህ ሜቶትሬክሴት የሚወስድ ሰው ከዘመድ የመጣለትን ፎሊክ አሲድ ለሐኪሙ ሳይነግር ቢውጥ፣ ሐኪሙ የሚዘጋውን በር እሱ በጓሮ እየከፈተ ነው።

ወደ ቅርብ ዘመን ልምጣ። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 ሲጋራ አጫሽ ወንዶች ለዓመታት ተጠንተዋል። ካሮት ቀለሙን የሚያገኝበት ቤታ ካሮቲን በእንክብል ቢሰጥ ከሳንባ ካንሰር ይከላከል ይሆን ነበር ጥያቄው። ውጤቱ በ1994 ሲወጣ፣ እንክብሉን ከወሰዱት መካከል በሳንባ ካንሰር የተያዙት ካልወሰዱት በ18 በመቶ በልጠው ተገኙ። አሜሪካኖቹ ተመሳሳይ ጥናት ጀምረው ነበርና በ1996 መጀመሪያ ላይ ከጊዜው በፊት አቋረጡት፤ እነሱም ያገኙት ጉዳት ነበር። ካሮት ጥፋት የለበትም፤ ካሮት ብዪ። ካሮቱ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ብቻውን ተነጥሎ በብዛት ሲገባ ምን እንደሚሠራ ግን ቀድሞ ያወቀ አልነበረም።

ቫይታሚን ሲ እና ኢ ሰውነትን ከሚያበላሽ ኦክስጅን የሚጠብቁ ናቸው ይባላል፤ እህትሽም በስልክ ያስረዳችኝ ይህንኑ ነው። እውነት ነው። ችግሩ ጨረርና አንዳንዱ ኬሞ ካንሰሩን ከሚገድሉበት መሣሪያ አንዱ ያው ኦክስጅን መሆኑ ነው። ጋሻው ለጤነኛው ሕዋስ ብቻ ይሁን ብለሽ ልታዥው አትችዪም፤ ለካንሰሩም ጋሻ እንዳይሆን ይፈራል። በአሜሪካ የጡት ካንሰር ያለባቸው 1,134 ሴቶች ከሕክምናው በፊትና በሕክምናው ወቅት ምን ምን ይወስዱ እንደነበር ተጠይቀው ነበር። የሚወስዱት ኬሞ ያንቺው ነው፦ ዶክሶሩቢሲን፣ ማለትም ቀዩ መድኃኒት፣ ከሳይክሎፎስፋማይድ ጋር፣ ቀጥሎም ፓክሊታክሰል። በ2020 በታተመው ውጤት እነዚህን ኦክስጅን ተከላካይ እንክብሎች በፊትም በሕክምናውም ወቅት የወሰዱት ሴቶች በሽታው የመመለስ አዝማሚያው ከፍ ብሎ ታየባቸው፤ ቫይታሚን ቢ12 የወሰዱት ላይ ደግሞ መመለሱም ሞቱም ጎልቶ ታየ። ላስፈራራሽ አልፈልግም። ይህ ጥናት ሴቶቹን ጠይቆ የመዘገበ እንጂ በዕጣ ከፍሎ የፈተነ አይደለም፤ ምልክት ነው እንጂ የተቆረጠ ፍርድ አይደለም። እኔ ግን ምልክት አይቼ የማልፍ ሽማግሌ አይደለሁም። ሕክምናው እስኪያልቅ ድረስ ብልቃጦቹ ቢቀመጡ የሚቀርብሽ ነገር የለም፤ ቢወሰዱ ግን ሊቀርብሽ የሚችል ነገር አለ።

ባዮቲኑንም አትናቂው። ፀጉርሽ መርገፉ እንዳስለቀሰሽ አውቃለሁ። ባዮቲን ኬሞ የሚያረግፈውን ፀጉር ሲያስቀር አልታየም፤ ፀጉርሽ ኬሞው ሲያልቅ በራሱ ጊዜ ይመጣል። በብዛት ሲወሰድ ግን አንዳንድ የደም ምርመራዎችን ያሳስታል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት በ2017 ስለዚህ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ የልብ ጡንቻ መጎዳትን የሚያሳየውን ምርመራ ሳይቀር ውሸት ሊያስነብበው ይችላል። ቀዩ መድኃኒት ልብን ስለሚነካ ያንቺ ልብ የሚጠበቅ ልብ ነው። ሐኪምሽ የሚፈርደው በወረቀቱ ላይ ባየው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ያጣመመው እንክብል መኖሩን ማን ይንገረው?

የጉበቱም ነገር እንደዚሁ ነው። የእርድ እንክብልና የአረንጓዴ ሻይ ንጥር ጉበታቸውን የጎዳባቸው ሰዎች በሕክምና መጻሕፍት ተመዝግበዋል። በየሦስት ሳምንቱ ከዙሩ በፊት ደምሽ ይመረመራል። የጉበትሽ ቁጥር ከፍ ብሎ ቢገኝ ሐኪሙ ጥፋቱን የሚጥለው በሚያውቀው ነገር ላይ፣ በኬሞው ላይ ነው። መጠኑን ይቀንሳል ወይም ዙሩን ያራዝማል። ወንጀለኛው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ንጹሑ ይቀጣል፤ ሕክምናሽም ይጓደላል። ሰው መደበቅ የሚጎዳው እንክብሉ መርዝ ከሆነ ብቻ ይመስለዋል። እንክብሉ ምንም ባያደርግ እንኳ አለመታወቁ ብቻውን ሐኪሙን ያሳስተዋል።

"ከአሜሪካ የመጣ ነው፣ ተመርምሮ ነው የሚሸጠው" ትይኝ ይሆናል። እዚያ አገር በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያለው እንክብል ገበያ ከመውጣቱ በፊት እንደ መድኃኒት ፈዋሽነቱንና ጉዳት አልባነቱን ለመንግሥት አስመስክሮ ፈቃድ ማግኘት አይጠበቅበትም። መሥሪያ ቤቱ የሚደርሰው ችግር ከተሰማ በኋላ ነው። የአውሮፓም ታሪክ አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በብራስልስ ክብደት ለመቀነስ ወደ አንድ ክሊኒክ ይሄዱ የነበሩ ሴቶች የቻይና ዕፅ በእንክብል ይሰጣቸው ነበር። ሁለት ዕፆች በቻይንኛ ስማቸው ይቀራረቡ ስለነበር አንዱ በሌላው ቦታ ገባ። ከመቶ በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተበላሸ፤ ብዙዎቹ ላይ ከዓመታት በኋላ የሽንት መተላለፊያ ካንሰር ተገኘባቸው። ያ በሥርዓት በሚሠራ ክሊኒክ፣ በታሸገ እንክብል ውስጥ የሆነ ነው። ያንቺ አረንጓዴ ዱቄት ደግሞ ስም እንኳ የለውም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። "ድናበታለች" የተባለችውን ሴት ያየ አለ? ካንሰሯ የየት ነበር? ዱቄቱን ስትጠጣ ኬሞውን ትታ ነበር ወይስ አብራ ትወስድ ነበር? ጠጥተውት ያለፉት ደግሞ መጥተው አይመሰክሩም። ዱቄቱን ጣዪው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሐኪሙን እንኳ ሳልጠብቅ ጣዪው የምልሽ እሱን ብቻ ነው።

የአገራችንን ዕፅ እያራከስኩ እንዳይመስልሽ። አጣጥን ታውቂዋለሽ፤ በየገደላገደሉ የሚበቅለው እሾሃም ቁጥቋጦ። ሞሪስ ኩፕቻን የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት ከባልደረቦቹ ጋር ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የአጣጥ ወገን ሜይታንሲን የሚባል ነገር አንጥሮ በ1972 አሳወቀ። የካንሰር ሕዋስን በጣም በትንሽ መጠን ይገድላል። ደስታው አልቆየም፤ በሰው ላይ ሲሞከር ነርቭንና አንጀትን የሚያቃውስ ሆነ፤ ጥቅሙም ከጉዳቱ ስላነሰ ተተወ። ሰዎች ግን ተስፋ አልቆረጡም። የዚያን ነገር ዘመድ ሠርተው፣ አንድ ዓይነት የጡት ካንሰር ሕዋስን ለይቶ ከሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አጣብቀው፣ ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን የሚባል መድኃኒት አወጡ፤ በ2013 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። ከቁጥቋጦው እስከ መርፌው አርባ ዓመት ገደማ ነው። ያ ሁሉ ዘመን የፈጀው ስንት መጠን ያድናል፣ ስንት ይገድላል፣ ለማን ይሆናል የሚለውን ለመለየት ነው። ዛሬ ሄደሽ አጣጥ ብትቀቅዪ የምታገኚው የተተወውን እንጂ መርፌውን አይደለም። በሚቀጥሉት ዙሮች የሚሰጥሽ ፓክሊታክሰልም መጀመሪያ የተገኘው ከዛፍ ልጣጭ ነው። ስለዚህ "ኬሚካል ይበቃኛል፣ ተፈጥሮ ይሻለኛል" የሚለውን ክርክር ተዪው፤ የተፈጥሮውን እየወሰድሽ ነው፤ የተለካውን።

ከሁሉ የምፈራው እንክብሉን አይደለም፤ እንክብሉ የሚያመጣውን ልብ ነው። "ይኼኛው ከሠራልኝ ያኛውን ለምን ልሰቃይበት" የሚል ልብ። በአሜሪካ በ2018 የታተመ ጥናት መደበኛውን ሕክምና ትተው በሌላ መንገድ ብቻ የሄዱ የጡት ካንሰር ታማሚዎች የመሞት አደጋቸው ሕክምናውን ከወሰዱት ከአምስት እጥፍ በላይ እንደነበር አግኝቷል። ጸበልሽን የሚነካ የለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ወደ አገራችን በገባበት ዘመን ብዙ ሰው ጸበል ልጠመቅ ብሎ ክኒኑን ሲተው፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አብረው ይሄዳሉ ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። ለመጠጥ የሚሆንሽን ብቻ ነጭ የደም ሕዋስሽ በወረደበት ሰሞን ንጽሕናውን አረጋግጪ። ጥሬ ሥጋም እስከዚያው ይቅርብሽ፤ ሕክምናው እስኪያልቅ ክትፎው አይኮበልልም። የጾሙን ነገር የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ ለታመመ ምን እንደሚፈቀድ እሳቸው ያውቃሉ። የእንክብሉ ገንዘብ ወደ እንቁላልና ወተት ቢሄድ ይሻልሻል።

እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ? ለሚቀጥለው ቀጠሮ መሳቢያውን ገልብጠሽ ሁሉንም ፌስታል ውስጥ ክተቺና ይዘሽ ሂጂ። በቃል አትንገሪው፤ "ቫይታሚን ነገር እወስዳለሁ" ማለት ምንም አለመናገር ነው። ብልቃጡን ያንብብ። ከመቼ ጀምሮ፣ በቀን ስንት፣ ለምን እንደወሰድሽ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ ጥቁር አንበሳም ሆነ ሌላ ቦታ ሰልፉ ረጅም፣ ሐኪሙ ፊት የምትቀመጪበት ጊዜ አጭር ነውና። ሐኪሙ ከተጣደፈ ፋርማሲስቱን ጠይቂ፤ ይህ የእኛ ሙያ ነው፣ ስንጠየቅ ደስ ይለናል። ለዓመታት መስኮቱ ጋ ቆሜ ስለ ዋጋ እንጂ ስለዚህ የጠየቀኝ ጥቂት ሰው ነው። ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል።

የምታፍሪበትን አውቃለሁ። ባለፈው አንዷ ታማሚ ቅጠል እንደምትጠጣ ተናግራ ስትገሠጽ ሰምተሻል፤ ከዚያ ወዲህ አፍሽን ዘጋሽ። ገሣጩ ልክ አልሠራም፤ ይህን ለባልደረቦቼም እላለሁ። ታማሚን ስለተናገረው የሚቆጣ ሐኪም ከሚቀጥለው ታማሚ እውነት አይሰማም። አንቺ ግን ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት እዚህ አታምጪው፤ በዚህ ጉዳይ ዝም ይነቅዛል። ቢቆጣሽ ቁጣው አምስት ደቂቃ ነው። ደግሞ ሁሉንም ይከለክለኛል ብለሽ አትፍሪ። ፔሜትሬክሴድ የሚባል መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ፎሊክ አሲድና ቢ12 በትእዛዝ ነው የሚሰጣቸው፤ ካልወሰዱ ይጎዳሉ። አጥንት የሚያሳሳ ሕክምና ላይ ያሉ ሴቶች ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ይታዘዝላቸዋል። አንቺም የሚጎድልሽ ተለክቶ ከተገኘ ይታዘዝልሻል። ያው ቫይታሚን ለአንዱ ግዴታ፣ ለሌላው ክልክል ነው፤ የሚለየው የያዘው መድኃኒት ነው፤ ያን ደግሞ እህትሽ ከሜሪላንድ ልታየው አትችልም።

ጠያቂዎችሽን ለእኔ ተዪልኝ። እናትሽ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም ትላለች። ይምጣ! ከፍትፍቱ ፊቱ። ያመጣውን ተቀበዪ፣ መርቂ፣ አመስግኚ፤ መዋጥ ግን ግዴታ የለብሽም። "ሐኪሜን ሳልጠይቅ አልጀምርም" በይ፤ በዚህ የሚቀየም ዘመድ ካለ ወደ እኔ ላኪው። በስልክ እየደወለ "በአንድ ወር ነቀርሳን ድራሹን የሚያጠፋ" እያለ የሚሸጠውን ሰውዬ ግን ቁጥሩን ዝጊው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ ካንሰር የገባበት ቤት ደጃፉ ክፍት መሆኑን እነዚህ ሰዎች ከማንም ቀድመው ያውቃሉ።

እህትሽን ትናንት በስልክ አነጋግሬያታለሁ። መጀመሪያ አኮረፈች፤ በኋላ "ታዲያ ምን ልላክ?" አለችኝ። ሩቅ ሆኖ እጅን አጣምሮ መቀመጥ ከባድ ነው፤ አልፈርድባትም። የምትልከውን ነግሬያታለሁ፦ ለድድሽ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ሽታ የሌለው ቅባት፣ ለብርዱ የራስ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ግን ጥሩ የሙቀት መለኪያ። ከኬሞው በኋላ ባለው ሳምንትና በሚቀጥለው ሰውነትሽ በተኮሰ ቁጥር ለኪ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየ ፓራሲታሞል ውጠሽ ትኩሳቱን አታስተኚው፤ ሌሊትም ቢሆን ባልሽን ቀስቅሰሽ ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ ይንጋና እንሂድ ብላችሁ አትደሩ።